ጋሼ ምልክት እና ሦስተኛው ብረት

የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ ሁሉ አንድ የማያልፍ ሰው አለው። ይህን የምለው የዓለምን ሜዳ ዞሬ ቆጥሬ አይደለም፤ የማውቀው አንድ ሜዳ ነው። ግን እኔ ያደግሁት "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" እየተባልኩ ስለሆነ ጨመርኩበት። ደግሞም ሌላ ሜዳ ላይ የወደቁ ሰዎችን ጠይቄያለሁ፤ "አዎ፣ እኛም ጋ አለ" ያላለኝ የለም። ፈታኙ ይቀየራል፣ መኪናው ይቀየራል፣ ተፈታኙ ወይ አልፎ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከአግዳሚው ጫፍ አይጠፋም። አዲስ የመጣውን ሁሉ ያስተምራል። ያስተማረው ያልፋል፣ እሱ ይወድቃል።

የእኛ ሜዳ ባለቦታ ጋሼ ምልክት ይባላሉ። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር የስድስት ጊዜ ወዳቂ፣ የአግዳሚው ሊቀ መንበር ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት፣ ሥራቸው ልብስ ስፌት። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ሌላው ሰው ከረባት አስሮ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ እሳቸው ሜትራቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ።

"ስንተኛህ ነው?" አሉኝ መጀመሪያ ያነጋገሩኝ ቀን፣ ገና ሳልቀመጥ።

"ሦስተኛዬ።"

"ጨቅላ ነህ።"

"እርስዎስ?"

"ሰባተኛዬ። ሦስተኛን አስታውሰዋለሁ። ሰው ገና ተስፋ የሚያደርግበት ጊዜ ነው።"

ይህን ሲሉ ፈገግ አላሉም። ጋሼ ምልክት ቀልድ የሚናገሩት ሰው ሲቀበር በሚናገሩበት ድምፅ ነው።

ቅጽል ስማቸው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሜዳውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ ሲሚንቶ በተሞላ አሮጌ ጎማ ውስጥ የተተከሉ ስምንት ብረቶች አሉ፤ አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። ፈተናው መኪናውን በኋላ ማርሽ ይዞ፣ ምንም ሳይነኩ፣ በመካከላቸው ማስገባት ነው። ይህን በዓይን ግምት የሚያደርግ ሰው በእኛ ሜዳ ታይቶ አይታወቅም። አሰልጣኛችን ራሱ፣ አፉ ውስጥ ስንጥር፣ እጁ ላይ ስልክ ይዞ፣ የሚያስተምረን ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ሦስተኛው ብረት የኋላው መስኮት ጥግ ላይ ሲደርስ መሪውን ሙሉ ጠምዝዝ። ለምን? አይባልም። ብረቱ በሌለበት መንገድ ላይስ? እሱም አይባልም። እኛ መኪና መንዳት አልተማርንም፤ ያንን ሜዳ መንዳት ነው የተማርነው።

ጋሼ ምልክት ይህን ጥበብ ወደ ሊቅነት አሳደጉት። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ከብረት ብረት ያለውን ርቀት በሜትራቸው ይለካሉ። የብረቶቹን ልክ እንደ ደንበኛ ወገብና ደረት በደብተር ይዘዋል። ከሰዓት በኋላ እኛን ስፌት ቤታቸው ይሰበስቡና ከጠረጴዛው ላይ ስምንት የክር ጥቅል ያቆማሉ። መኪናው ካውያ ነው። ካውያውን እጀታውን ይዘን ወደ ኋላ እየነዳን በክሮቹ መካከል እናስገባለን። አንድ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ይህን አይቶ ሱሪውን ይዞ ተመልሷል።

"ምልክትህን ያዝ፤ ሌላው ወሬ ነው" ይላሉ፣ ካውያዬ ክር በጣለ ቁጥር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ስድስት ጊዜ እንዴት ወደቁ? የየራሱ ታሪክ አለው። በመጀመሪያው ሞተር ሦስቴ አጠፉ። በሁለተኛው ለፈታኟ ሰላምታ ሲያበዙ ሰዓታቸው አለቀ። በሦስተኛው ሜትሩ ማርሹ ላይ ተጠመጠመ። በአራተኛው አንዲት ድመት እስክታልፍ ቆሙ፤ ድመቷ ተኛች። አምስተኛውን አያወሩትም። በስድስተኛው ግን ምንም ሳይነኩ፣ እንደ ሐር አስገቧት። ከዚያ ወርደው ከብረቱ ስንት ሴንቲ እንደራቁ ሊለኩ ጎንበስ ሲሉ፣ የእጅ ፍሬን ያልተያዘባት መኪና ቀስ ብላ ብቻዋን ወጣች።

ፈታኟ በሥራ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ናት የምትጠቀመው፦ "ውረድ" እና "ቀጣይ"። ለጋሼ ምልክት ግን አክብራ "ይውረዱ" ትላለች። ስድስት ጊዜ ተከብረዋል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ እንዲያውም ካውያውን የሁለት ቀን ወሬ አድርጌው ነበር። ከዚያ የሜዳው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት አንድ ቀን ብርጭቆዬን ሳትሰጠኝ ያዝ አድርጋ፣ "አንተ በሰውዬው የምታሾፈው ሚስታቸውን ሳታያቸው ነው" አለችኝ።

የባለቤታቸው ኩላሊት ሥራ አቁሟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሐኪም ቤት ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። መሄዱ ደህና ነው፤ ጭንቁ መመለሱ ነው። ሲመለሱ አቅም የላቸውም፣ ያስታውካቸዋል። አንዱ ባለታክሲ ወንበሬ ይበላሻል ብሎ መሐል መንገድ ላይ አውርዷቸዋል። ጋሼ ምልክት ሚስታቸውን ደግፈው የቀረውን መንገድ በእግር ጨረሱት። ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ ወንድማቸው የተወላቸው አሮጌ መኪና በሸራ ተሸፍና ቆማለች። የወንበሯን ልብስ ሰፍተውላታል፤ መሪዋን እንኳ አልብሰውታል። የቀረው ነጂ ነው። ሰውዬው በዚህ ምድር ላይ የሚፈልጉት ነገር ሚስታቸውን አንድ ቀን በራሳቸው እጅ ነድተው ቤት ማስገባት ነበር።

ያን ቀን ሻዩ አልጣፈጠኝም።

የፈተናችን ዕለት ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጠዋት ስንደርስ ጋሼ ምልክት ጭቃው ውስጥ ተንበርክከዋል፣ ሜትራቸው ተዘርግቷል። ውኃ ስለተኛ ሠራተኞቹ ብረቶቹን ወደ ደረቁ በኩል አዛውረዋቸዋል፤ ሲተክሏቸው ደግሞ በዓይናቸው ነው የተከሉት።

"ሦስተኛው አርባ ሴንቲ ሸሽቷል" አሉ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ። "ስሙኝ። ዛሬ ጥግ ድረስ የጠበቀ ሰው አለቀለት። ብረቱ የመስኮቱ መሐል ላይ ሲደርስ ጠምዝዙ። መሐል። ማነው ያልሰማ?"

ሁላችንንም አንድ በአንድ አስደገሙን። አንዷን ነርስ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ከእሳቸው ሌላ አሥራ አንድ ነበርን፤ ዘጠኛችን አለፍን። እኔ አለፍኩ። ነርሷ አለፈች። አሰልጣኙ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ እጃችንን ጨበጠን፤ እሱ እንዳስተማረን።

የመጨረሻው ተፈታኝ ጋሼ ምልክት ነበሩ። ቀበቶ አሰሩ። ሞተር አልጠፋም። ሰላምታውን አሳጠሩ። ወደ ኋላ መጡ፣ ቀስ ብለው፣ ቀጥ ብለው። ብረቱ የመስኮቱ መሐል ላይ ደረሰ፤ አልጠመዘዙም። ብረቱ ጥግ ላይ ሲደርስ፣ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያ ክንድ እንደለመደው፣ ሙሉ ጠመዘዙ።

ብረቱ ሲወድቅ ከነጎማው ነው የወደቀው።

"ይውረዱ" አለች ፈታኟ።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ምን ይባላል? ዘጠኝ ያለፈ ሰው ዙሪያቸውን ከቦ ቆመ። እሳቸው ሜትሩን በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ቆዩና፣

"ለሁላችሁም ነገርኩ" አሉ። "ለእኔ ግን የነገረኝ የለም።"

በማግስቱ ስፌት ቤታቸው ሄጄ፣ መንጃ ፈቃዴ ሲወጣ ባለቤታቸውን እትዬን እኔ ላመላልሳቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። የያዙትን ቁልፍ ሰፍተው ጨረሱ።

"አንተ ያለ ብረት መንዳት ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው አጠገብህ እቀመጣለሁ።"

በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ወጣን። እኔ መሪ ይዤ፣ ጋሼ ምልክት በጎኔ ደብተር ይዘው፣ እትዬ ከኋላ ብርድ ልብስ ለብሰው። ከግቢው እስከ ሐኪም ቤቱ ያለውን መንገድ ሁሉ ቀድመው በእግራቸው ለክተውት ኖሯል። "የመድኃኒት ቤቱ በር መስኮትህ መሐል ላይ ሲደርስ ቀኝ ጠምዝዝ። ቢጫው ግንብ ስፖኪዮ ውስጥ ሲገባ ፍሬን።" አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ በሩን ሰማያዊ ቀባውና ሁለታችንም አልፈነው ሄድን።

"ከሁለታችሁ ማነው የሚነዳው?" አሉ እትዬ ከኋላ።

"እሱ ነው" አሉ ጋሼ።

"እሳቸው ናቸው" አልኩ እኔ።

"እግዜር ያውጣኝ።"

እትዬ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማሪ ነበሩ። ለማንም ከአሥር አሥር ሰጥተው እንደማያውቁ በኩራት ነው የሚናገሩት። አሥር የፈጣሪ ነው ይላሉ፣ ዘጠኝ የመጽሐፉ፣ ስምንት የአስተማሪው፤ ተማሪ ከሰባት ይጀምራል። ባላቸውንም በዚህ ሚዛን ነው ያኖሯቸው።

በሦስተኛው ወር አካባቢ እኔ መንዳቱን ለመድኩት። ጠባቡን የግቢ በር ሳይቀር ምልክት ሳላይ በኋላ ማርሽ መግባት ቻልኩ። ግን ጋሼ ከመኪናው ኋላ ቆመው፣ ሜትራቸውን እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ "አሁን! ጠምዝዝ!" ሲሉ፣ እስኪሉ ድረስ እጠብቅ ነበር። አንዳንዴም ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፤ ሲያርሙኝ ፊታቸው ይፈካል።

አንድ ረቡዕ፣ እሳቸው በሩን ሊከፍቱ ሲወርዱ፣ እትዬ ከኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያለ እሱ ታውቅበታለህ፣ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንዳትነግረው።"

በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ሐኪሙ ሁለቱን ለብቻቸው አስገብቶ አነጋገራቸው። ሲወጡ ጋሼ ደብተራቸውን አልገለጡም። ምልክት የሚጠራ ሰው ሳይኖር ነዳሁ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ እትዬ፣

"አንተ፣ ውረድና መሪውን ለእሱ ስጠው" አሉኝ።

"መንጃ ፈቃድ የለኝም" አሉ ጋሼ፣ ወደ ፊት እያዩ።

"ግቢ ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ የለም።"

"አንቺ ውረጂ እንግዲያው።"

"አልወርድም። ስንት ዓመት የደከምክለት ምን ለማድረግ ነው?"

እሳቸው ወደ መሪው ተዛወሩ። በሩን ከፈትኩና ገብቼ ከግንቡ ፊት ቆምኩ። ሌላ ብረት አልነበረም፤ ሦስተኛው ብረት እኔ ነበርኩ። ስድስት ሜትር ብትሆን ነው መንገዷ። ሞተሩ አንዴ ጠፋ፣ እንደገና ተነሣ። መኪናዋ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ መጣች። ሰው ቆሞ ይህን ያህል ቀስ ብሎ ሲገጭ አይቼ ስለማላውቅ መሸሽ እንዳለብኝ ለመወሰን ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። አልሸሸሁም። ጋሼ በመስኮቱ አዩኝ፤ መሐል ላይ ስደርስ ጠመዘዙ።

ቆመች። የእጅ ፍሬኑ ሲያዝ ሰማሁት። ወረዱ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወጡ፣ ከመኪናዋ እስከ ጉልበቴ ለኩ።

"ስንት ነው?" አሉ እትዬ ከውስጥ።

"ሃያ ሁለት ሴንቲ። ሕጉ ሃያ ነው የሚለው።"

"ፍሬቻ አላሳየህም።"

"በገዛ ግቢዬ?"

"በገዛ ግቢህ። ሰባት ከአሥር።" ትንሽ አረፉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። "አልፈሃል።"

ጋሼ ሜትሩን ሳይጠቀልሉ እጄ ላይ ጣሉት። እኔ ጠቀለልኩላቸው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሁለት ሳምንት አልቆዩም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥራ ፈት ሆኑ። መኪናዋ ሸራዋን ለብሳለች።

አሁን ክቡር የሰባት ጊዜ ወዳቂ ለስምንተኛው ተመዝግበዋል። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ሜዳው እሄዳለሁ። መንጃ ፈቃድ ኪሴ አለ፤ የምጽፈው ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል። ግን ሜትር ሁለት ጫፍ አለው፣ አንዱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ አዲስ ተፈታኝ፣ ወሬያቸውን ከሻይ ሻጯ ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ አጠገባችን መጥቶ ቆመ።

"አባባ" አለ፣ "ከእንግዲህ ማንን ሊነዱበት ነው? ለምን አይተዉትም?"

እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት ጋሼ ምልክት ጭቃው ላይ እንደተንበረከኩ ቀና አሉ።

"እኔ እኮ አልፌያለሁ" አሉት። "የቀረኝ ወረቀቱ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ጫፉን ጠበቅ አድርገህ ያዝ" አሉኝ።