የኦቦ ለሚ እንግዶች

ነፃ ነገር ሰው እንዲወድ ማድረግ ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። ነጋዴ ዋጋ ሲጠራላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ታስቀንሳላችሁ፣ እየተነጫነጫችሁም ቢሆን በመጨረሻ ትገዛላችሁ። «ነፃ ነው» ሲላችሁ ግን ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ። ቡራዩ ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በገበያ ቀን እየመጣ፣ «ዲሹን አንዴ ያስተክሉ፣ ወርኃዊ ክፍያ የለም፣ ዕድሜ ልክዎን ይመልከቱ» ሲለን ይውላል። እኛም «ዛሬ አስለምደው ነገ ሊያስከፍሉን ነው» ተባብለን እናልፋለን። ሰበታ ያለችው እህቴም፣ ከሱሉልታ የሚመላለሰው የሥራ ባልደረባዬም ያወሩኝ ይሄንኑ ነው። የአዲስ አበባን ዙሪያ ይዘን የምንኖር ሰዎች በመጠራጠር የሚወዳደረን የለም።

የእኛን ግቢ ነፃ ቴሌቪዥን ያስለመደው ታዲያ ያ መኪና አይደለም። ኦቦ ለሚ ናቸው።

ኦቦ ለሚ አንድ ፋብሪካ በጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ቀድመዋቸው የሞቱ፣ አንድ ልጃቸው ጫልቱ ጫንጮ ከተማ የተዳረች ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያችን የኪራይ ክፍሎች የተደረደሩበት ነው፤ የእሳቸው ክፍል ከእኔ ቀጥሎ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ኮርኒሱ የጋራ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ አልጋ ላይ ተኝቶ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። በግቢው ዲሽ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማታ ማታ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ግቡ» ይሉናል። እንገባለን። አንዱ ዱካ ስቦ፣ አንዱ ጀሪካን ገልብጦ ይቀመጣል። ድራማ እናያለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ካየነው ይልቅ የተከራከርንበት ይበልጣል፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ። ኦቦ ለሚ «እስኪ ዝም በሉ፣ ሰውዬው የሚለውን እንስማ» ይሉና ከሁላችን በላይ ሲያወሩ ያመሻሉ።

እኚህ ሰው አንድ ጠባይ ነበራቸው። ያገኙትን ጥሩ ነገር ሌላው ካላገኘው አይጥማቸውም። «ለምን ለራሳችሁ አታስተክሉም? ነፃ ነው እኮ» ይላሉ። እታለም የምትባል ቢሮ የምትሠራ ጎረቤታችን፣ «በኋላ ቢያስከፍሉኝስ?» አለቻቸው።

«የሚያስከፍልሽ ሰው ሲመጣ እኔ ጋ ላኪው» አሏት።

እታለም ዲሽና ሪሲቨር ገዛች፤ እሳቸው ጣሪያዋ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የዕረፍት ቀን ኦቦ ለሚን መሬት ላይ ማግኘት ቀረ። ቆርቆሮው ላይ ቁጢጥ ብለው ዲሹን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ «መጣ?» ይላሉ። ከውስጥ «አልመጣም» ይባላል። «አሁንስ?» «መጥቶ ሄደ።» ቻናሎቹ ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛወሩ በተባለ ጊዜ ደግሞ፣ ወደ ምዕራብ ሲያይ የኖረውን ዲሽ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ምሥራቅ መለሱት። ለድካማቸው ከሻይ በቀር የተቀበሉት የለም። ቀስ በቀስ ዲሽ የሌለው ክፍል ጠፋ። ባለ ድምፅ ማጉያው መኪና ያልቻለውን አንድ ጡረተኛ ቻለው።

ማታ በራቸውን ይከፍታሉ። «ኮታ» ይላሉ። እኔ ቤት ዜና ተጀምሯል፣ እታለም ቤት ድራማ፣ ከወዲያ ኳስ። መጀመሪያ ሰሞን «መጣን» እንላለን። በኋላ «ነገ» ማለት ጀመርን። ኋላማ እሳቸውም መጥራቱን ተዉት። ቅሬታ እንኳ ቢኖራቸው አልተናገሩም። አንድ ጠዋት ብቻ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረን ቆመን፣ «ሲግናሉ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ደግሞ፣ «እኔ ጋም ጥሩ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። ጠዋት ስወጣ ያወራል፤ ማታ ስገባ ያወራል። ጆሯቸው ደክሞ ነው አልን። በግድግዳ በኩል ሲሰማ ቤቱ ሰው የሞላ ይመስላል፤ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይስቃል። እኛም ለመድነው።

አንድ እሁድ ጫልቱ እንደ ልማዷ ብትደውል አባቷ አያነሱም። ሰኞም አያነሱም። ለእታለም ደወለች። እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች እስከ እሳቸው በር ሄደች። ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ ግን ከውስጥ ወሬና ሳቅ ሰማች። ሰው የያዘን ሰው ማቋረጥ ነውር መሰላት። «ደህና ናቸው፤ እንግዳ ይዘዋል፤ ሲሳሳቁ ይሰማኛል» አለቻት። ልጅቷም «እንግዳ ከያዙማ» ብላ ደስ ብሏት ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ማምሻውን መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ብቅ ይላል፣ ጎረቤቱም ጋ መጥፋቱን ሲያይ ይጽናናል። ሁልጊዜ ቀድመው የሚወጡት ኦቦ ለሚ ነበሩ። «ኢብሳን በዴ? መብራት እናንተም ጋ ጠፋ?» ሳይሉ አይመለሱም። የዚያን ዕለት ሁላችንም ወጣን። እሳቸው አልወጡም። ከክፍላቸውም አንድ ድምፅ አይሰማም። ያ ሁሉ እንግዳ በአንድ ጊዜ ዝም ብሏል።

መጀመሪያ ያንኳኳችው እታለም ናት። ቀጥሎ እኔ። በመጨረሻ በሩን በትከሻ ገፋነው። በስልኬ መብራት ገባን፤ እታለም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቀረች። ኦቦ ለሚ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ራሳቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ እኔ ክፍል በኩል፣ ዘንበል ብሏል። የሞቱት ያን ዕለት እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም።

እዚያው ደርቀን እንደቆምን መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑም መጣ። አንድ ሰው ቀልድ ያወራል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስቃል። ማጥፊያውን ፈልገን እስክናገኝ ድረስ ብዙ ሳቁ።

ፖሊስ መጥቶ አየ፤ የሚጠየቅ ሰው እንደሌለ አረጋግጦ ሄደ። ድንኳን ተተከለ። ያ ሲጠሩት «ነገ» ሲል የነበረ የግቢ ሰው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተቀመጠ። ጫልቱ ስታለቅስ ሰነበተችና ድምፅዋ ሲመለስ ወደ እታለም ዞረች።

«እነዚያ እንግዶች እነማን ነበሩ? መጨረሻ ላይ ከአባቴ ጋር የነበሩት። ላመሰግናቸው ፈልጌ ነው።»

እታለም አቀረቀረች። ጥያቄው የገባን የግቢው ሰዎች መሬት መሬቱን እናያለን። ሌላው ለቀስተኛ መልሱን ይጠብቃል።

«መንገደኞች ናቸው» አልኩ እኔ። «ከሩቅ የመጡ። አናውቃቸውም።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች ጫልቱ። «ሲያስቋቸው አመሹ ማለት ነው።»

አዎ አልናት። ምን እንበላት?

ክፍሉ ብዙም ሳይቆይ ተከራየ፤ ዲሽ የተተከለለት ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ብቻዋን የምትኖር፣ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ገባች። እኛም ካሁን በኋላ በግቢያችን ማንም ሳይጠየቅ እንዳይውል ተማክረናል። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ከክፍሏ ወሬና ሳቅ ሰማሁና ሄጄ አንኳኳሁ። እንዴት ዋልሽ ልላት ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም። በሩን በጣት ስፋት ከፈተችው። ደንግጣለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በጣም ጮኸብዎት አይደል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ሄዳ ድምፁን ቀነሰችው፤ ተመልሳም እንዳላዝንባት ፈገግ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ትሑት ልጅ ናት። ከዚያ ማታ ወዲህ ከወዲያኛው ክፍል ምንም ነገር አይሰማኝም።