የየኔታ መቅኔና የእኔ ጾም

ሌላው የማያየውን ያየ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ፈረንጅ አገር ደርሶ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ቤታችሁ ገብቶ እስኪቀመጥ እንኳ አይታገሥም። እኔ ከጎንደር ርቄ አላውቅም። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሐኪም ቤት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጡኝና፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር መጫወት ፈተና ሆነ።

የቁስቋሙ መሪጌታ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ ሁዳዴ ሲገባ በሰው ተደግፈው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ እግራቸው ደንዝዞ ማሕሌት መቆም ካቃታቸው ከርሟል። ሐኪሙ ከደረታቸው አጥንት ጥቂት መቅኔ በመርፌ ቀድቶ ሰጠኝ። መስታወት ላይ ቀብቼ፣ ቀለም አጠጥቼ አየሁት። ደም የሚሆኑት ለጋ ሕዋሳት ሞልተዋል፤ ግን የሚያሳድጋቸው አጥተው፣ ያለ ቅጥ ገዝፈው እዚያው ቀርተዋል። ሐኪሙ ወደ ቀይ ደም የሚያሻግራቸው መርፌ እንዳለ፣ የኔታ ካልተወጉ ግን ፋሲካን እንደማያዩ ነገረኝ።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? የኔታን ጠርቼ መቅኔያቸውን በማይክሮስኮፑ አሳየኋቸው።

«ሸጋ ቀለም ነው» አሉ። «መድኃኒቱ ከምን ይሠራል?»

ባለሙያ ነኝና መለስኩ። «ከበሬ ጉበት።»

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በሁዳዴ ጉበት? ሞቼ እገኛለሁ።»

አትፍረዱብኝ፤ እንደዚያን ቀን አፍሬም ፈርቼም አላውቅም። አስተማሪዬን በገዛ ምላሴ ልገድል ነበር።

የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሮጥኩ። ሽማግሌው ቄስ ሰምተውኝ አብረውኝ መጡና፣ «መድኃኒት ነው፤ ይወጉ» አሏቸው።

የኔታ አንገራገሩ። «ጾሜስ?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ዝም አልህ? ተናጋሪው አንተ አይደለህ? እሳቸው መርፌውን በሚወጉበት ሁዳዴ ሁሉ፣ አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትጾምላቸዋለህ።»

ማይክሮስኮፕ ከለመድኩ ወዲህ ረቡዕና ዓርብን የረሳሁት እኔ፣ የአንድ ሁዳዴ ነገር ነው ብዬ በደስታ ተስማማሁ። የኔታ ተወጉ። ብዙም ሳይቆይ በመስታወቱ ላይ ደማቸው ሲበረታ አየሁ፤ ለፋሲካ ቆመው ዘመሩ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

መርፌው በየወሩ፣ ያውም ዕድሜ ልክ መሆኑን ሐኪሙ የነገረን ከበዓሉ በኋላ ነው።

የኔታ ዘንድሮ ሰማንያን አልፈዋል፤ ድምፃቸው ቅጥሩን ይሞላል። እኔ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከቀትር በኋላ በረሃብ አንዱ ሕዋስ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ያም ሆኖ ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ፤ ብዙም ጮክ ብዬ ባይሆን።