አንድ ቤት ጎደለ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ዘር ቆጣሪ አይጠፋም። አዲስ ሰው ሲያገኝ እንዴት ነህ ሳይል “የማን ልጅ ነህ?” የሚል። ጆሃንስበርግ ላይ ይቺን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ክፍሉ ናቸው። የሾማቸው የለም፣ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ፍዳውን የምታየው ልጃቸው ሩሀማ ናት።

ሩሀማ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። ከአባቷ ጋር ታክሲ መሳፈር ካቆመች ቆየች፤ ውስጡ ሐበሻ ከተገኘ መውረጃቸውን ያልፋሉ። ሰውዬው አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ጋሽ ክፍሉ ጣታቸውን እያጠፉ ይከተሉታል። መጨረሻ ላይ ጭናቸውን መታ አድርገው “በቃ፣ እዚች ላይ ተገናኘን” ይላሉ። የሚገናኙት ሁልጊዜ መምሬ ፍቅረማርያም ላይ ነው።

መምሬ ፍቅረማርያም ማለት ታቦት ተሸክመው መጥተው የእነ ጋሽ ክፍሉን አገር መጀመሪያ ያቀኑ ሰው ናቸው። ጋሽ ክፍሉ እንደሚያወሩት በዕድሜያቸው ስቀው አያውቁም፤ የሳቀ ሰው ካገኙም ንስሐ ይሰጡት ነበር። ሩሀማ ልጅ ሆና ሳቅ ሲመጣባት መጀመሪያ በሩን ታይ ነበር።

ብርድ ልብስ ሱቃቸው የሚመጡት ዙሉዎችም አላመለጡም። አንዲት እናት የጎሳዋን ስም ከነሙገሳው ስትዘረዝርላቸው የጋሽ ክፍሉ ዓይን እንባ ሞላ።

“እቺ ሰው ናት” አሏት ሩሀማን። “አንቺ ቆጥረሽ ቆጥረሽ እኔ ላይ ነው የምታቆሚው።”

ታዲያ ኤልያብ መጣ። የሜይፌር ሰፈሩ የጋሽ ብዙነህ ልጅ ነው፤ ሩሀማን ላግባ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ክፍሉ ደስ ብሏቸው ተቀበሉና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። ለካ አምና ማኅበር ላይ ቆመው፣ እኔና ብዙነህ መምሬ ፍቅረማርያም ላይ በአምስተኛ ቤት እንገናኛለን ብለው፣ ሰውዬውን አቅፈው አስጨብጭበዋል። ልጆቹ እንግዲህ ስድስተኛ ቤት ናቸው። ለጋብቻ ደግሞ ሰባት ቤት መራቅ አለ። አንድ ቤት ጎደለ። ቄሱም ሰምተዋል፣ ማኅበርተኛውም ሰምቷል።

ሩሀማ እህል አልቀምስ አለች።

“አባዬ፣ እዚህ ከተማ ያለውን ሐበሻ በሙሉ ዘመዴ አድርገኸዋል” አለቻቸው። “ማንን ላግባ?”

ጋሽ ክፍሉ ቆጠራውን እንደገና ጀመሩ። መሀል ላይ የተዘለለ አያት ቢገኝ ብለው ጣታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ሰነበቱ። አልተገኘም። ልክ ነው የቆጠሩት፣ ያቃጠላቸውም እሱ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ተነሡ። እጃቸውን ወደኋላ አድርገዋል።

“ተሳስቼ ነው” አሉ። “የእኔ አያቶች ከመምሬ ፍቅረማርያም አይወለዱም። ተጠግተው የኖሩ መጤዎች ናቸው። ከብዙነህ ጋር ምንም አንገናኝም።”

አንዱ ከዳር ሳቀ። “ታዲያ እስከዛሬ የማን ልጅ ነበሩ?”

ጋሽ ክፍሉ ቁጭ አሉ። ያን ሲናገሩ፣ ወደኋላ ባደረጉት እጅ ጣቶቻቸው እየታጠፉ ሲቆጥሩ ከኋላቸው ሆና ያየች ሩሀማ ብቻ ነበረች።

የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ክፍሉ ግን ዝም አሉ። ታክሲ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ ሱቅ ሰው ሲገባ ዋጋ ብቻ ይናገራሉ። ሩሀማ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ጸጥታ ይኸው መጣላትና መቀመጫ አሳጣት።

ትናንት አንድ ሰውዬ ብርድ ልብስ ሊገዛ ገባ። ገና ከአገር የመጣ ነው፤ አነጋገሩ ቁርጥ የጋሽ ክፍሉ አገር ሰው። ጋሽ ክፍሉ ብርድ ልብሱን አጠፉለት፣ ፌስታል ውስጥ ከተቱለት፣ መልሱን ቆጥረው ሰጡት። በሩ ጋ ሲደርስ ሩሀማ አልቻለችም።

“ይቅርታ ወንድሜ” አለችው። “የማን ልጅ ነህ?”

ሰውዬው አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቀጠለ። ሩሀማ ጣቷን እያጠፈች ተከተለችው፣ መሀል ላይ ጠፋባት። አባቷ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው እንዳዞሩ፣ ቀስ ብለው፣

“አንድ አያት ዘለልሽ” አሉ።