ሳቅ የገለበጡት ጋሼ

በየሕንፃው የተባለውን ትቶ ያልተባለውን የሚሰማ ሰው አይጠፋም። የእኛ ፎቅ ላይ ያሉት ክቡር ጋሼ ገልብጥ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከእህታቸው ልጅ አምስት መስመር ኮድ ተምረው በኮምፒውተር ድምፅ መገልበጥና ማዘግየት ከጀመሩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን መክፈት ፈራ።

«ሰው እውነቱን የሚናገረው ቀስ ሲል ነው» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

አከራያችን «ውሃ ነገ ይመጣል» የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልን። ጋሼ በግማሽ ፍጥነት አሰሙን። ሴትዮዋ ጉድጓድ ውስጥ የሚያዛጋ በሬ መሰለች።

«ሰማችሁ? ‹ነገ› ስትል ድምጿ ወረደ። ውሃ የለም።»

በማግስቱ ውሃው መጣ። «ቀስ ብሎ ነው የመጣው» አሉ፣ ሳያፍሩ።

ባለቤታቸው ለምሳ ሲጠሯቸው ይቀዱና ወደ ኋላ ያጫውቱታል። «ተቆጥታለች» ይሉኛል በሹክሹክታ። ይህንንማ ሳይገለበጥ የሰማው ፎቁ በሙሉ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ የሟች ባሏን ሳቅ በሚሞሪ ይዛ መጣች። አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

«አነሰችኝ ጋሼ። ትንሽ ያርዝሙልኝ።»

የጋሼ እጅ መች ያርፋል? ከማዘግየታቸው በፊት ገለበጡት፤ የተገለበጠውንም በዚያው ስም አስቀመጡት። ዋናው ጠፋ። «ነገ ተመለሺ» ብለው ሸኟትና በራቸውን ዘጉ።

«እህል አልቀመሰም» አሉኝ ባለቤታቸው በማግስቱ። ገባሁ። ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ለቀስተኛ ተቀምጠዋል።

«የሰው ባል አጠፋሁ» አሉኝ።

«የተገለበጠውን መልሰው ቢገለብጡትስ?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። በሕይወታቸው ያልገለበጡት ነገር ቢኖር አንዴ የገለበጡት ነገር ነው።

«ይህን ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት እንጂ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ሳቁ መልሶ ተገልብጦ፣ ተቃንቶ ጠበቃት። ከዚያ ጋሼ በግማሽ ፍጥነት ለቀቁት፤ ሃያ አራት ሰከንድ። ቋጥኝ ደረጃ ለደረጃ የሚንከባለል መሰለ።

«ይሄ እሱ አይደለም» አለች፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። «እስቲ ይድገሙልኝ።»

ጋሼ አራት ጊዜ ደገሙላት፤ ምንም ትንታኔ አልሰጡም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሳገኛቸው «እንዴት አደሩ?» ስል ቃሉን እጎትተዋለሁ። ኮምፒውተሩ ድረስ ሳይለፉ፣ እውነቴን መሆኑን እንዲሰሙኝ ብዬ ነው።