ቨርነን ክላተርባክ በራሱ ፊት የቀረበበት ዓርብ

ቨርነን ይሠራበት የነበረው የልብስ ማጠቢያ መኪና ፋብሪካ በተዘጋ በሦስተኛው ዓመት፣ እመቤት ጆሊን በክላተርባክ ቤት ላይ በነገሠች በሃያ ስድስተኛው፣ በወርኃ መጋቢት፣ በዕለተ ዓርብ፣ ኃያሉ ባሏ ቨርነን፣ ሥዩመ ማኅተም ዘኦሃዮ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ምሎ፣ የውል አረጋጋጭነትን በትረ ሥልጣን፣ ይኸውም ቀለሟን በሆዷ የተሸከመች የፕላስቲክ ማኅተም፣ ተቀብሎ ተበዳሪዎችን ሊያስፈርም ወደ መጀመሪያው የብድር ፊርማ ዘመተ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ። በግንባር አንድ መቶ አርባ ሰባት ገጽ ያተመችው፣ ሁለቴ ብቻ ወረቀት ነክሳ አልለቅም ያለችው ባለሁለት መሳቢያ ማተሚያ ቆመች፤ በቀኝ ዐሥራ ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶዎች፣ በግራ መዝገበ ፊርማ፣ በደጀንም ከመኪናው አልወርድም ያለው ውሻው ዋፍል። እመቤት ጆሊንም ከደጃፍ አዋጅ አስነገረች፦ «ስማ ቨርን! ብድሩን የሰጠኸው አንተ አይደለህም። አትምከር፣ አትተንትን፣ አስፈርመህ ና። ሸሚዝህንም ክተት!»

ከዚያም ወደ ኦርቪልና ማርታ ፌንስተርማከር ቤት ገሠገሠ። እኒህ ሽማግሌና አሮጊት የቤታቸውን ዕዳ በቀለለ ወለድ ሊያድሱ ነበር፤ ቃል የተገባላቸው ወለድ ግን የሚጸናው ወረቀቱ በዚያው ዕለት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰነድ በሚያደርሰው የመልእክት ቤት መኪና ላይ ከተጫነ ብቻ ነበር። ኦርቪል በሠላሳኛው ፊርማ ላይ እጁን እያርገበገበ ዐወጀ፦ «የመጀመሪያ ሚስቴን ስፈታ እንኳ ይህን ያህል አልፈረምሁም!» ማርታም ዐዋጁን በዐዋጅ ሻረች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ፈርም፤ የቤተ ክርስቲያኑ የዓርብ ዓሣ ጥብስ ያልቅብናል!» ኃያሉም ማኅተሙን ባሳረፈ ጊዜ ጠረጴዛው ራደ፣ የኤሪ ሐይቅም ማዕበል አነሣ።

ዐሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከመልእክት ቤቱ ደጅ ቆሞ የገጾቹን ፎቶ እርሱን ለዚህ ፊርማ ለላከው አስፈራሚ ድርጅት ሰደደ። ወዲያው የድርጅቱ ሹም ብሪያና በስልክ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ጌታዬ፣ ‹በፊቴ የቀረበው ሰው› በሚለው ክፍት ቦታ የራስዎን ስም ጽፈዋል! ቨርነን ቨርነን ፊት ቀረበ፣ መታወቂያውንም ለቨርነን አሳየ፣ ቨርነንም አመነው! ስርዝ ድልዝ አንቀበልም። ገጹ አዲስ ይታተም፣ ባልና ሚስቱ እንደገና ይፈርሙ። መኪናው ካመለጠዎት የእነሱ ወለድ ሄደ፤ እርስዎንም ሁለተኛ አንጠራም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ኃያሉን ከጦር ይልቅ ወጋችው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ለምንም ጠርቶት አያውቅምና። ነገር ግን ገጹን እዚያው አሳትሞ፣ አንድ ቀይ መብራት ጥሶ (ጠላቶቹ ሁለት ይላሉ)፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደ። በዚያም በጾሙ ዓርብ በሥጋ ፈንታ የሚቀርበውን የዓሣ ጥብስ የሚጠብቁ ዐሥር እልፍ ምእመናን፣ በሌላ ቆጠራ ሠላሳ ስምንት፣ ሳህን ታጥቀው ተሰልፈው ነበር፤ ፌንስተርማከሮችም ሊደርሳቸው ሁለት ሰው ቀርቷቸው ነበር።

በሕይወቱ ሙሉ አጥፍቻለሁ ብሎ የማያውቀው ቨርነን ወንበር ላይ ወጥቶ ዐወጀ፦ «ኦርቪል! ማርታ! የእናንተን ስም በሚጻፍበት ቦታ የራሴን ጻፍሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑልኝ፣ እባካችሁ!»

ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ኦርቪል ግን ንቅንቅ አልልም አለ፤ ሰልፉን ለቅቆ መጨረሻ መመለስ ሞት ነውና። በዚህ ጊዜ ሠላሳ ስድስቱ በአንድ ድምፅ ዐወጁ፦ «ሂድ አንተ ግትር፣ ቦታህን እንይዝልሃለን!»

በጥቅል ጎመን ሰላጣው አጠገብ፣ የሶሱ ብልቃጥ በክርን ተገፍቶ፣ ሁለቱ ዳግመኛ ፈረሙ። ኃያሉም ስማቸውን አንዳንድ ፊደል እየቆጠረ ጻፈ፤ ማኅተሙንም በዝግታ፣ ማዕበል ሳያስነሣ፣ አሳረፈ። ከዚያም ሮጠ። ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፖስታው ተጫነ።

ብሪያናም እንዲህ የሚል ቃል ላከች፦ «ደርሶናል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሌላ ፊርማ አለ፤ ይሄዳሉ?»

እነሆ ቨርነን! ሰዓትን የረታ፣ ድል አድራጊ በጥብስ ዓሣ መካከል፣ በራሱ ፊት ቀርቦ ራሱን ያመነ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ያመነ፣ ለሰኞም የሚፈለግ ሰው! ዝናው ከኦሃዮ እስከ ኢንዲያና ወሰን ይሰማ፤ ፌንስተርማከሮችም በቀለለው ወለዳቸው ረጅም ዕድሜ ይኑሩ።