ወይዘሮ ዝናሽ የኮምፒውተራቸውን ጭንቅላት እንዴት እንዳስቀየሩ

ወይዘሮ ዝናሽ ያንን ኮምፒውተር አልሰጥም አሉ። ተለመኑ፥ አልሰጡም። ተገሠጹ፥ አልሰጡም። በመጨረሻ በዕድራችን ኮሚቴ ውሳኔ ተጠየቁ፤ የውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ራሳቸው ጽፈው፥ እኔ ዳኛው ስናገር የሳትሁትን ሁለት ቃል አርመው፥ ፈርመውበት፥ አሁንም አልሰጡም።

በየሰፈሩ ዕቃ የማይሞትበት አንድ ቤት አለ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ሰባ ሁለት ዓመት ስኖር በአምስት ከተማ ተከራይቻለሁ፥ እንዲህ ያለ ቤት ያጣሁበት ሰፈር የለም። በዚያ ቤት ጃንጥላ ሦስት ጊዜ ጨርቁን፥ ሁለት ጊዜ አጥንቱን ይለውጣል፤ ሆኖም ያው በሠርግ ዕለት የተገዛው ጃንጥላ ነው። የቤቱ ባለቤት ይግባኝ የማያልቅበት ችሎት ናቸው፤ በዕቃ ላይ የሞት ፍርድ ጸንቶ አያውቅም።

በድሬ ከደቻቱ ድልድይ ማዶ ባለው ሰፈራችን ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው። በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገልግለው በጡረታ ወጥተዋል፤ የዕድራችን ጸሐፊ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላቸው። የቬንትሌተራቸው ክንፍ ከአንዱ፥ አንገቱ ከሌላው፥ ሞተሩ ከሦስተኛው የመጣ ስለ ሆነ፥ ሲሽከረከር ሦስት ጎረቤቶች በአጥር ላይ የሚነታረኩ ይመስላል። የማቀዝቀዣቸው ገላ አረንጓዴ፥ በሩ ነጭ ነው። ቀፊራ ገበያ ብቅ ሲሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ደህናውን ወደ ኋላ ሸሽገው የተሰበረውን ወደ ፊት ያወጣሉ። «ጣሉት» የሚል ሰው ሲገጥማቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«የታመመው አንድ ብልት ነው። ለአንድ ብልት ሙሉ ሬሳ አይወጣም።»

ይህን የሚናገር ተራ ሰው ቢሆን እንከራከረው ነበር። የዕድር ጸሐፊ ሲናገረው ግን የባለሙያ ቃል ነው።

ኮምፒውተሩ ኦል ኢን ዋን የሚሉት ዓይነት ነው፤ ለብቻው የሚቆም ሣጥን የለውም፥ ሆድ ዕቃው ሁሉ ከመስተዋቱ ጀርባ ታጭቋል። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ለዕድሩ ሰጠው። ወይዘሮ ዝናሽ ዳንቴል አልብሰው በሳሎናቸው አነገሡት፤ የአባላቱንም መዝገብ ከነፎቶግራፉ አስገቡበት።

የመዝገቡን ነገር መናገር ይገባኛል። በሌላ ዕድር አባል ሲሞት ስሙ ይሰረዛል። በወይዘሮ ዝናሽ መዝገብ ግን ማንም ተሰርዞ አያውቅም፤ በስሙ አጠገብ እንደ ሃይማኖቱ ትንሽ መስቀል ወይም ትንሽ ጨረቃ ይደረግለትና ከነፎቶግራፉ በቦታው ይቀመጣል። ሕያውና ሙት በአንድ መዝገብ ሲጠራቀሙ፥ ኮምፒውተሩ ከክብደቱ የተነሣ መተንፈስ አቃተው። ጠዋት ያበሩታል፤ ቀፊራ ደርሰው ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ ገና «እንኳን ደህና መጡ» ሲላቸው ያገኙታል።

በዚህ ዓመት በሙቀቱ ወር አንድ አባላችን አረፉ። ድንኳን የሚተክሉትን ተረኞች ስም ከንጋት ጀምሮ ጠየቅን። ዝርዝሩ ታትሞ የወጣው ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ ነው። ድንኳኑን የተከሉት ተረኞቹ ይሁኑ መንገደኞች እስከ ዛሬ አልተጣራም።

በዚህ ጊዜ ምክትሌ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ተነሡ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል የአዲስ ነገር ሁሉ ጠበቃ ናቸው፤ ስልካቸውን በየዓመቱ፥ አቋማቸውን በየወሩ ይለውጣሉ። ያቀረቡትም ሐሳብ ላፕቶፕ ይገዛ፥ ሕያዋኑ ብቻ ወደዚያ ይዛወሩ፥ ጸሐፊዋም በክብር ይሰናበቱ የሚል ነበር። ኮሚቴው ተስማማ፤ በዘጠነኛው ቀን በሚውለው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥበት ተቆረጠ። እኔ የዕድሩ ዳኛ ነኝና ፈረምሁ።

ወይዘሮ ዝናሽ ቃለ ጉባኤውን አጥፈው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዳኛ፥ ዘጠኙ ቀን ይበቃኛል። ጭንቅላቱን ብቻ አስቀይርለታለሁ።»

ኮምፒውተሩ የዕድሩ ንብረት ስለ ሆነ ያለ ምስክር ከቤት ሊወጣ አይገባውም ብዬ አብሬ ሄድሁ። በጋቢ ጠቅልለነው፥ በባጃጁ ወንበር መካከላችን አስቀምጠነው፥ እኔ በቀኝ እሳቸው በግራ ደግፈነው ተጓዝን። ያየን ሁሉ «እግዜር ይማርልዎ» አለን። ወይዘሮ ዝናሽም ለሁሉም «አሜን» አሉ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጦልሃ በቀፊራ አቅራቢያ ሱቅ ያለው፥ እጁ ወርቅ፥ አፉ ድሬ የሆነ ጎልማሳ ነው። በዚህች ከተማ «እርስዎ» የሚለው ቃል በሙቀቱ ተኖ ጠፍቷል፤ አርባ ዓመት ሳለቅስለት ለልቅሶው የመጣልኝ ሰው የለም።

«አቦ እትዬ ዝናሽ! ይሄን ደግሞ ከየት አስነሣሽው?» አለ ጋቢውን ሲገልጥ። «ወላሂ ሽማግሌ ነው። ጡረታ አውጪው።»

«ጡረታ የወጣ አይሠራም ያለህ ማን ነው? እኔን አታየኝም? ጭንቅላቱን ብቻ ቀይርለት።»

ጦልሃ ሣቀና ኮምፒውተሩን በመስተዋቱ ደፍቶ ጀርባውን ከፈተ። አቧራው ቡን ሲል ሁላችንም አስነጠሰን።

«እትዬ፥ የደቻቱን አሸዋ እዚህ ነው እንዴ የምታስቀምጪው?»

«ሥራህን ሥራ አንተ።»

ብሎኖቹን ፈትቶ ሙቀት የሚያወጣውን ብረት አነሣ፤ ከሥሩ ጭንቅላቱ፥ ፕሮሰሰር የሚባለው፥ ታየ። የክብሪት ቤት እንኳ አያክልም። ያን ሁሉ ሙትና ሕያው የተሸከመው ይህ ነው ብሎ ማመን አስቸገረኝ።

«እድለኛ ነሽ» አለ ጦልሃ። «የብዙዎቹ ከተቀመጠበት ቦርድ ጋር ተበይዷል፥ አይነቀልም። ያንቺው ይነቀላል።»

«ሰሙ ዳኛ? ይነቀላል ብሏል!» አሉኝ፥ በሰበር ችሎት እንደ ተፈረደለት ሰው።

«ግን ስሚኝ። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ ቀዝቃዛ ነው፥ ትንሽ ኃይል ነው የሚበላው፤ ለዚህ ቀጭን ገላ የሚሆነው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ወር ይፈጃል። ሌላው እዚሁ እጄ ላይ አለ፥ ከትልቅ ዴስክቶፕ የነቀልኩት። ጎበዝ ነው፤ ግን ይሞቃል።»

«ድሬ ውስጥ የማይሞቅ ማን አለ?»

«እየቀለድኩ አይደለም እትዬ። ጠዋት ይበርልሻል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍበት፥ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ለቀትር ዋስ አልሆንልሽም።»

«ለቀትር ዋስ የሆነ ፍጡር አሳየኝ። ወር መጠበቅ አልችልም፤ ግጠመው።»

ገጠመው። ደረቁን ቅባት ጠርጎ፥ አዲሱን ፕሮሰሰር በቦታው አስተኝቶ፥ ነጩን የማቀዝቀዣ ቅባት እንደ አውራ ጣት ጥፍር ያህል አኖረበት፤ ብረቱን መልሶ አሰረ። አበራው። መስተዋቱ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ወይዘሮ ዝናሽ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔም፥ እውነቱን ልናገር፥ ዋጥሁ።

ጦልሃ ግንባሩን መታ። «ያ ረቢ! ቦርዱ አዲሱን አያውቀውም። የቦርዱን ፕሮግራም አስቀድሜ ማደስ ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ የሚታደሰው በአሮጌው ነው።»

ስለዚህ የገጠመውን ፈታ፥ የቀባውን ጠረገ፥ የተሻረውን አሮጌ ፕሮሰሰር ወደ ዙፋኑ መለሰ። አሮጌው ተነሣ፤ እንደ ልማዱ እየተጎተተ ቦርዱን አሳደሰ፥ ሥራውን ሲጨርስ እንደገና ተነቀለ። አዲሱ በቦታው ገባ። በዚህን ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ገና እኩሌታው ላይ ሳልደርስ መስተዋቱ ወገግ አለ።

«አየህ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ፤ «አሮጌው ካላስተዋወቀው አዲሱ ቤት አይገባም።»

«ወላሂ ልክ ነሽ» አለ ጦልሃ። ምክትሌን አቶ ሰይፈ ሚካኤልን አሰብሁና ይህችን ቃል በማስታወሻዬ ጻፍኋት። የተነቀለውን ፕሮሰሰር ወይዘሮ ዝናሽ በመሐረባቸው ቋጥረው ከቦርሳቸው ከተቱት።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው።

«ያገለገለ ነው» አሉኝ።

እሑድ በሦስት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ወይዘሮ ዝናሽ ዳንቴሉን ገልጠው በጉባኤው ፊት አበሩት፤ ማኅበርተኛው ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ መዝገቡ ተከፈተ።

«የማንን ገጽ ላውጣ?» አሉ።

«የዳኛውን!» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል፥ ፈተናውን ለማክበድ።

በአንድ እስትንፋስ ወጣ። ተራ ቁጥር አርባ ሰባት፥ እኔ፥ ኮስታራ ሆኜ። ተራ ቁጥር አርባ ስምንት፥ ባለቤቴ ኢስታር፤ ከስሟ አጠገብ ትንሽ መስቀል አለች። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ምን እንዳላት አላውቅም፥ ልትሥቅ ጀምራ ሳትጨርሰው ነው የተነሣችው። ጉባኤው ለፍጥነቱ አጨበጨበ። እኔ መነጽሬን ጠረግሁና «አቧራ ነው» አልሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ፍጥነቱ እንዳላዋጣቸው የተረዱት አቶ ሰይፈ ሚካኤል ወደ ሙታኑ ዞሩ። «ዕድር ለሕያዋን ነው! ሙታን ድንኳን አይተክሉም፥ ወንበር አያመላልሱም። በመዝገባችን ምን ይሠራሉ? ዛሬ ጭንቅላት ቀየርንላቸው፤ ነገ ደግሞ እግር ልንቀጥልላቸው ነው?» እያሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ መንጫጫት ጀመረ። የኋላው ረድፍ ተኛ፤ ከዚያም የመካከሉ። ኢስታር ግን አዳራሹን ፊት ለፊት እያየች ያቋረጠችው ሣቅ ላይ ነበረች።

ልክ በስድስት ሰዓት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፥ መስተዋቱም ጠቆረ። መብራት አልጠፋም፤ ቬንትሌተሮቹ ይዞራሉ። ጦልሃ ዋስ ያልሆነለት ቀትር ደርሶ ነው።

«ይኸው!» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል፥ ላባቸውን እየጠረጉ። «በቀትር የሚተኛ መዝገብ! በቀትር ሰው ቢሞትብን ምን ልንሆን ነው? ድምፅ ይሰጥልኝ!»

በዐሥራ አራት ዓመት ዳኝነቴ አድልቼ አላውቅም፤ ይህም በሰፈሩ የታወቀ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ድምፅ ወዲያው እንዲሰጥ ያዝዛል። እኔ ግን ደወሉን ይዤ ያንን ጥቁር መስተዋት አየሁ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያ ኮምፒውተር ተመልሶ እንዲነሣ ከወይዘሮ ዝናሽ ይልቅ የምሻው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደወሉን ሳልመታ አስቀመጥሁት። «ወይዘሮ ዝናሽ፥ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም፤ መልስ አለዎት?» አልኋቸው።

ድምፁ ያን ዕለት አልተሰጠም፤ ከዚያም ወዲህ የጠየቀ የለም። የሰጡትን መልስ ጸሐፊዋ ራሳቸው በቃለ ጉባኤው እንዳሰፈሩት፥ አንድ ፊደል ሳልነካ እነሆ፦

«ክቡር ዳኛ፥ አቶ ሰይፈ ሚካኤል በቀትር ይተኛል ብለው ከሰውታል። እውነት ነው፥ ይተኛል። ጭንቅላቱን ያስቀየርኩለት እንዲሠራ ብዬ ነው እንጂ አዲስ አበቤ እንዲሆን ብዬ አይደለም። በዚህ ከተማ ከስድስት እስከ ዐሥር ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፥ ባጃጁ ጥላ ይዞ ይተኛል፥ ዳኛውም ይተኛሉ፤ አቶ ሰይፈ ሚካኤል፥ እርስዎም ራስዎ ትናንት በዚህ ሰዓት በርዎን ባንኳኳ ባንኳኳ አልተነሡልኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ በቀትር ድንኳን የተከለ ዕድርተኛ አላየሁም፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ ሙታኑ እንኳ ይጠብቁናል። እነሱ እኛን ከጠበቁን እኛም እነሱን እንጠብቃለን። ስለዚህ አንድም ስም አልሰርዝም፥ ኮምፒውተሩንም አልሰጥም። አሁን ሁላችሁም ቤታችሁ ገብታችሁ ተኙ። በዐሥር ሰዓት ኑ፤ እሱም ይነሣል፥ እኔም እነሣለሁ፥ በውስጡ ያሉትም ሁሉ ይነሣሉ።»