እትዬ ለምን ድምፃቸው የጠፋ ዕለት

ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ ሰዉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ግማሽ ጎኑን ከወንበሩ ካነሣ በኋላ፣ እጁን የሚያወጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካያችሁ እንዳትቀጠሩበት። እሱ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ መቃብር ነው። በሕይወት ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። አንድ ብቻ ታዲያ! ሁለተኛ አይጨመርለትም።

በአንሶላና መጋረጃ ፋብሪካው ይህን ከባድ ሹመት የያዙት የጥራት ክፍሏ ክብርት እትዬ ለምን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር እሱን ለማስታወስ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሥራቸው መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እያሳለፉ ቀዳዳ መፈለግ ነው። ጣጣው ከጠረጴዛው ከተነሡም በኋላ መፈለጋቸውን አለማቆማቸው ነው።

ሊፍቱ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ደረጃውን እየረገመ ይወጣል፤ እትዬ ለምን ግን የአለቆቹ ሊፍት ለምን ተበላሽቶ እንደማያውቅ ይጠይቃሉ። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተመርጦ ሲጨበጨብ፣ መራጮቹን ማን እንደመረጣቸው ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው፣ አፋቸውን ከፍተው እንደተጋደሙ፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ያለ ተራው ሲገባ አዩና ጥጡን ተፍተው ተነሡ። «ማን ወሰነው? ሌላው ሰውስ ተጠይቋል?» ሐኪሙ ወረፋውን ለማስረዳት ሲንተባተብ ሰዓቱ አለቀ። ጥርሱ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ያማቸዋልም።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መልሳቸው አንድ ነው። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይታሰብበታል።» ይታሰብበታል የተባለው ሁሉ ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይሄኔ ፈላስፋ በሆኑ ነበር።

ሠራተኛውስ? ሠራተኛውማ ይወዳቸዋል፤ ኮሪደር ላይ። ግራ ቀኙን አይቶ ጆሯቸው ሥር ይንሾካሾካል። «እሰይ እትዬ! አንጀቴን አራሱት! የልቤን ነው የተናገሩልኝ!» ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ያው አንጀቱ የራሰለት ሰው ሳህኑን ይዞ ከሳቸው ርቆ ይቀመጣል። አለቃ ያያላ! ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ኪራይ ይከፍላል፤ እትዬ ለምን ይህን ስለሚያውቁ አይፈርዱበትም። ግን ይከፋቸዋል። በባዶ ጠረጴዛ ብቻን መብላት ያስከፋል፣ ሌላ ስም የለውም።

ቤታቸው ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል። ማታ ሬዲዮ ይከፍቱና ዜና አንባቢውን «እሱን ማን ወሰነው?» ይሉታል። ሰምቶ ነው! ዘልሎ ወደ አየር ጠባይ ይሄዳል። እሑድ እሑድ ታላቅ እህታቸው ይደውላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓለምን ማስተካከል ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው?»

«ሌላ ሰው ሲጠይቅ አላየሁማ።»

«አየሽ? ሌላው ብልጥ ነው። አንቺ ደግሞ እንዲሁ ብቻሽን ቅሪ።»

እህትየው ይህን ያሉት ለክፋት አልነበረም። እትዬ ለምን ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እጃቸው ላይ እንደያዙት ቆይተው ያዩታል።

ታዲያ በቅርቡ በፋብሪካው አንድ ወሬ ተነፈሰ። የጨርቆቹን አበባና ሐረግ ዕድሜውን ሙሉ የሣለው ንድፍ ሠሪ ወደ ማሸጊያ ክፍል ሊዛወር ነው። የሣላቸውን ሁሉ አለቆቹ ለኮምፒውተር መግበውታል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እነሱን እያየ አዳዲስ ያወጣል። በጨርቁ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ይታተም የነበረው የሰውየው ስም ይቀርና «በፋብሪካው ዘመናዊ ፕሮግራም የተነደፈ» ይባልበታል። ንድፍ ሠሪው አፍ የለውም። ኮሪደር ላይ እንኳ ተንሾካሹኮ አያውቅም። እትዬ ለምን ክፍሉ ድረስ ሄዱ።

«ዝም ልትል ነው?»

«ምን ልበል እትዬ? እኔ መናገር አልችልበትም።» ይህን ሲል እርሳሱን አላስቀመጠም።

«እንግዲያው እኔ እጠይቃለሁ።»

ዝውውሩ በሚቀርብበት የሠራተኞች ስብሰባ ዕለት ጠዋት እትዬ ለምን ሲነሡ ድምፃቸው የለም። ጉንፋኑ ጠራርጎ ወስዶታል። ሙቅ ውኃ ጠጡ፣ ማር ላሱ፣ መስተዋት ፊት ቆመው ሞከሩት፤ ምንም። እህታቸው ቢያዩ «ፈጣሪ ራሱ ዝም በይ አለሽ» ባሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አወሩ፤ ስለ ሰውየው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉ። «ጥያቄ ከሌለ...» ብለው ከልማድ ወደ እትዬ ለምን አዩ። እጃቸው ወጥቷል። ተነሡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገሙት፤ ያው ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። «ውይ፣ ድምፅዎ ጠፋ? እግዜር ይማርዎ። እንግዲህ ጥያቄ ስለሌለ...»

«ጥያቄማ አላቸው» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። ሰው ሁሉ ሲዞርባት ክው አለች። «እኔ አይደለሁም! እሳቸው ናቸው! ‹ማን ወሰነው› ነው የሚሉት።»

እትዬ ለምን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ደግሞ...» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «‹ሰውየው ተጠይቋል ወይ› ይላሉ። እኔ የሳቸውን ነው የማስተላልፈው።»

«‹ኮምፒውተሩ አበባውን ከማን ተማረው› ይላሉ» አለ ከወደ ጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«‹ማሸጊያ ክፍል ወንበር የለም፣ ሰው ቆሞ ውሎ እግሩ ያብጣል› ይላሉ!»

እትዬ ለምን ዞር አሉ። ይሄንንስ አላሰቡትም! ስለ ወንበሩም አልሰሙም ነበር።

«‹የትርፍ ሰዓት ተረኛ ሁልጊዜ ለምን የአለቃ ዘመድ ይሆናል› ይላሉ!»

ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ። «ቆይ፣ ቆይ! እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ጥያቄ ነው?»

 እንግዳ ተቀባይዋ ጣቷን ትነክሳለች፣ የግምጃ ቤቱ ሰው ጫማውን ያያል። እትዬ ለምን የአንዱ ሥራ በሌላው ስም እንዳይጠራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ዛሬም የመጡት ለዚያው ነው። እውነቱን ለመናገር ራሳቸውን ወዲህ ወዲያ መወዝወዝ ብቻ ይበቃቸዋል። ያን ቢያደርጉ ግን እነዚህ ሰዎች ተለይተው ይታወቃሉ። ስለዚህ ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። አዎ፣ ሁሉም የኔ ነው።

«ዋሽተዋል።»

ቀጭኑ ድምፅ ነበር። ንድፍ ሠሪው ተነሥቷል። «እትዬ ዋሽተዋል። የአበባው ጥያቄ የኔ ነው። ኮምፒውተሩ የተማረው ከኔ ነው።»

«የመጀመሪያውም የኔ ነው» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ አሁን ጮክ ብላ።

«የወንበሩም የኔ!» አለ ከኋላ ሌላው።

ሥራ አስኪያጁ «ጥሩ ጥያቄ...» ብለው ጀመሩና የቀረው አልወጣ አላቸው። ውሳኔው ዛሬ እንደማይጸድቅ ተናግረው ተቀመጡ፣ ምን ያድርጉ!

ንድፍ ሠሪው ግን አልጨረሰም። ስንት ዓመት የታመቀ ነገር፣ አንዴ ከተከፈተ ማን ይመልሰዋል? ስለ መጀመሪያዋ አበባው ጀመረ፤ ከእሷ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ሐረጉ። የምሳ ሰዓት አለፈ። የእትዬ ለምን ሆድ ጮኸ፤ ያቺ ጥርስም መጠዝጠዝ ጀመረች። ከጎናቸው አንዱ ሰዓቱን አየና ቦርሳውን ሊያነሣ ሲል ክንዱን ያዝ አድርገው በዓይናቸው ገሠጹት።

ተወው፣ ይናገር።